ባቄላ፣ ገብስና የጎረቤት መንገድ፦ የትንሽ አገርን ደህንነት በአንድ ቅዳሜ ማስተማር

ደብረ ብርሃን ውስጥ ታሪክ ማስተማር ከጀመርኩ 19 ዓመት ሆነኝ። በየዓመቱ የ11ኛ ክፍል ልጆችን አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ። «አገራችሁ ትንሽ ናት እንበል። ዙሪያዋን የከበቧት ጎረቤቶች አይወዷትም። መጀመሪያ ምን ታደርጋላችሁ?» መልሳቸው ሁሌም አንድ ነው፤ «መሣሪያ እንገዛለን።» ቀጥዬ «በማን መንገድ ታስገቡታላችሁ?» እላለሁ። ያኔ ክፍሉ ጸጥ ይላል።

የዚህ ጽሑፍ መነሻ ያቺ ሁለተኛዋ ጥያቄ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ከተማሪዎች ጋር የምንሰበሰብበት ክበብ አለን። እዚያ ስንሞክረው፣ ስናርመው የቆየነውን አሠራር ነው የማካፍላችሁ። መምህር ከሆናችሁ ወይም የወጣት ማዕከል የምትመሩ ከሆነ ይጠቅማችኋል። ቤታችሁ ውስጥ ዜና እየሰማ የሚከራከር ጎረምሳ ካለም እንደዚሁ። ግማሽ ቀን ይበቃል። የሚያስፈልገው ዕቃ ከማንም ጓዳ አይጠፋም።

ነገሩ ለምን እንደሚያሳስበኝም ልንገራችሁ። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ጦርነቱ ሸዋሮቢትን አልፎ ደብረ ሲና ደርሶ ነበር። ከተማችን በተፈናቃይ ሞላች። ያኔ ከእናታቸው ጋር በአይሱዙ ላይ ተጭነው የመጡ ልጆች ዛሬ ክፍሌ ውስጥ ተቀምጠዋል። ጦርነት ምን እንደሆነ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። እኔ ልሰጣቸው የምፈልገው ጦርነት ከመምጣቱ በፊት ያሉትን ወራት የማሰብ ልምድ ነው።

(ዓ.ም. ብዬ ካልጻፍኩ በቀር የታሪኮቹ ቀኖችና ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ከፍ ያለ ቦታ ውጡ

እኛ አንኮበር ነው የምንሄደው። ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጎረቤላ ላይ ትወርዱና ወደ ቤተ መንግሥቱ ጉብታ በእግር ትወጣላችሁ። በጠዋት ከሄዳችሁ ጭጋግ ነው፤ ከፊታችሁ ያለው ሰው አይታይም። ጋቢ ወይም ጃኬት ያልያዘ ልጅ እንዳይመጣ አስጠንቅቁ። አራት ሰዓት ላይ ጭጋጉ ይገለጥና ምሥራቁ በአንድ ጊዜ ይከፈታል። ገደሉ ወደ ታች ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ ከዚያ ያ ሁሉ የአፋር ቆላ ግራጫ ሆኖ ይዘረጋል።

እዚያ ላይ አስቁሟቸውና ጠይቋቸው። «ባሕሩ በየት በኩል ነው? በእኛና በባሕሩ መሃል ያለው ማነው?»

ከ1813 እስከ 1847 ሸዋን የገዛው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከዚሁ ጉብታ ላይ ሆኖ ነበር ይህንን የሚያሰላው። ሸዋ በጊዜው ብቻዋን የቆመች ትንሽ መንግሥት ነበረች። በሰሜን የወሎና የየጁ መኳንንት አሉ። በደቡብና በምዕራብ አንድ ቀን የሚገብሩ፣ አንድ ቀን የሚዋጉ የኦሮሞ አለቆች አሉ። በምሥራቅ ደግሞ የባሕሩ መንገድ በአፋሮች እጅ ነው። ጨው፣ ጨርቅና ጠመንጃ ከታጁራ ተነስቶ፣ በረሃውን በግመል አቋርጦ፣ ከአንኮበር ሥር ያለው አልዩ አምባ ገበያ ይደርሳል። መንገዱ ሳምንታት ይወስዳል። በመሃል ያለ አንድ ባላባት «ግመል አላሳልፍም» ካለ ንጉሡ እዚህ ላይ ሆኖ ምንም ማድረግ አይችልም።

በ1841 የእንግሊዙ ካፒቴን ሃሪስ ስጦታና መሣሪያ ይዞ መጣና የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈረመ። በ1843 ንጉሡ ከፈረንሳዩ ሮሼ ዴሪኩር ጋር ሌላ ውል ፈረመ። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር ባንዱ ተንጠልጠል» የሚሉት ይህንን ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ችግሩ ሁለቱም ባላዎች የተተከሉት ከበረሃው ማዶ መሆኑ ነው። በ1855 አጼ ቴዎድሮስ ከሰሜን ሲመጡ ለንደንም ፓሪስም ለሸዋ አልደረሱም። የሣህለ ሥላሴ ልጅ ንጉሥ ኃይለ መለኮት በዚያው ዓመት ሞተ። ልጁ ምኒልክ ተማርኮ መቅደላ ገባ።

ይህንን ጉብታው ላይ ሆናችሁ ንገሯቸው። ክፍል ውስጥ ሲነገር የፈተና ጥያቄ ይመስላል። እዚያ ላይ ግን አንድ ልጅ ገደሉን እያየ «ቲቸር፣ ታዲያ ውሉ ምን ይሠራል?» ብሎ ጠየቀኝ። ለሳምንቱ የምፈልገው ጥያቄ እሱ ነበር። አንኮበር መሄድ የማትችሉ የራሳችሁን ከፍታ ፈልጉ። ጣርማ በርም ይሆናል። እሱም ካልተመቸ ሰሌዳ ላይ ተራራውን፣ በረሃውንና ባሕሩን ሥሉ።

ጠረጴዛው

አሁን ወደ ጨዋታው። አምስት ጠረጴዛ አዘጋጁ። መሃል ላይ ትንሿ አገር ትቀመጣለች። ዙሪያዋን ሦስት ጎረቤቶች። በሩ አጠገብ፣ ራቅ ብሎ፣ አንድ ኃያል መንግሥት። ስም አውጡላቸው፤ የእውነት አገር ወይም ሕዝብ ስም ግን በፍጹም አትስጡ። የእኛዋ ትንሽ አገር በወንዛችን «በሬሳ» ትባላለች። የእውነት ስም ከገባ ልጆቹ ከቤት ይዘውት የመጡት ቁስል ጠረጴዛው ላይ ይወጣል። ያንን ለማከም ሌላ ቀንና ሌላ አያያዝ ያስፈልጋል።

ሦስት ኪሎ ገብስና አንድ ኪሎ ባቄላ ያዙ። ገብሱ ሀብት ነው፣ ባቄላው ወታደር ነው። ጥሬ ይሁን፤ የተቆላ ከሆነ እስከ ሁለተኛው ዙር አይቆይም።

ሕጉ ቀላል ነው። በሬሳ በየዙሩ 20 ፍሬ ገብስ ታገኛለች። ከዚህ ውስጥ 8ቱ ከራሷ እርሻ ነው፣ 12ቱ በጎረቤት መንገድ ይገባል። ሕዝቧ በየዙሩ 10 ፍሬ ይበላል። አንድ ወታደር 1 ፍሬ ይበላል። ስትጀምር 6 ወታደር አላት። ጎረቤቶቿ እያንዳንዳቸው 40 ፍሬና 15 ወታደር አላቸው፣ ሕዝባቸው 25 ይበላል። ኃያሉ መንግሥት 100 ፍሬ አለው። ወታደር መመልመል በነፃ ነው፤ ማብላቱ ግን በየዙሩ ነው። አጥቂ ወገን ለተከላካዩ ለእያንዳንዱ ባቄላ ሁለት ባቄላ ያጣል፣ ምክንያቱም ተከላካዩ ተራራውን ይዟል። የተረፈ ገብስ ማከማቸት ይቻላል።

የበሬሳን ጠረጴዛ አምስት ልጆች ይይዛሉ። መሪ፣ የውጭ ጉዳይ፣ የመከላከያና የገንዘብ ሚኒስትር አራቱ ናቸው። አምስተኛዋን «እናት» እንላታለን። ሥልጣን የላትም። በየዙሩ መጨረሻ ግን ተነስታ «ዛሬ ቤቴ ምን ይበላል?» ብላ ትጠይቃለች፤ መንግሥቱም በቁጥር መመለስ አለበት። ይህንን ሚና የጨመርኩት በሦስተኛው ዓመት ነው። ከዚያ በፊት ልጆቹ ሕዝቡን ይረሱት ነበር።

ሌላው ሕግ ከአንኮበር የተወሰደ ነው። ወደ ኃያሉ መንግሥት የሚላክ ደብዳቤ ሁሉ በአንደኛው ጎረቤት ጠረጴዛ ያልፋል። ጎረቤቱ ሊከፍተው፣ ሊያዘገየው፣ ቀረጥ ሊጠይቅበት ይችላል። ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ በቃል መነጋገር ክልክል ነው፤ ሁሉም ነገር በጽሑፍ ነው። አንድ ዙር 15 ደቂቃ ነው። ደወል ይኑራችሁ።

አንድ ቅዳሜ የሆነውን ልንገራችሁ፣ አሠራሩ ከዚህ ይገባችኋል። የመከላከያ ሚኒስትሩ ጎበዝ ልጅ ነበር። በሁለተኛው ዙር ወታደሩን ከ6 ወደ 10 አሳደገው። 10 ለሕዝብ፣ 10 ለወታደር፤ ሃያው ፍሬ ልክ አለቀ። በአንደኛው ዙር የተረፈችውን 4 ፍሬ ደግሞ ለኃያሉ መንግሥት ስጦታ ልከዋት ነበር። ጎተራው ባዶ ነው። ሰፊ ጦር ስላላቸው ደስ ብሏቸው ተቀመጡ። በሦስተኛው ዙር ጎረቤቱ አንድም ወታደር ሳያንቀሳቅስ መንገዱን ዘጋ። 8 ፍሬ ብቻ ቀረች።

«እናት» ሆና የተቀመጠችው ልጅ ተነሳች። «ስምንቱን ለማን ነው የምትሰጡት?» አለች። መሪው «ለወታደሩ» አለ። «ለእኔ ልጆችስ?» ዝም አለ። «ወታደሩም እኮ ልጄ ነው» አለች።

ከዚያ በኋላ ያ ክፍል ስለ ደህንነት ሲያወራ ስለ ጎተራ ሳያነሳ አያውቅም። እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ አትናገሩ፣ አታብራሩ። ደወሉን ደውሉና ቀጣዩን ዙር ጀምሩ።

ሌላ ቡድን ደግሞ በተቃራኒው ወታደሩን ወደ 2 ቀንሶ ገብስ አከማቸ። በአራተኛው ዙር አንዱ ጎረቤት 4 ባቄላ ብቻ ከፍሎ ጎተራውን ከነገብሱ ወሰደው። ይህም መታየት አለበት። 6 ወታደር ይዛ የቆየች በሬሳን ለመውሰድ አጥቂው ከ15ቱ 12ቱን ያጣል። ሦስት ወታደር ይዞ ደግሞ በሌሎቹ ሁለት ጎረቤቶች ፊት ይቆማል። ስለዚህ ደፍሮ አይገባም። የሲንጋፖር የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ሊ ኩዋን ዩ ትንሽ አገር በትልልቅ ዓሦች መሃል መርዝ እንዳላት ትንሽ ሽሪምፕ መሆን አለባት ይል ነበር። ትዋጣለች፣ የዋጣት ግን ይታመማል። ልጆቹ ይህንን በባቄላ ቆጥረው ሲደርሱበት ከመጽሐፍ ከማንበብ ይሻላል።

ወንበር መቀያየር

ከአራተኛው ዙር በኋላ ሻይ ይጠጣ። ሲመለሱ ወንበር ቀይሯቸው። የበሬሳ መንግሥት የነበሩት የዋናው ጠላት ጎረቤት ይሆናሉ፤ ጎረቤቶቹ በሬሳ ይሆናሉ። አዲሱ ጎረቤት መጀመሪያ የሚሠራው አንድ ነገር ብቻ ነው። በአንድ ገጽ «በሬሳን የምንፈራት ለምንድነው?» የሚል ደብዳቤ ይጻፉ።

ብዙ ጊዜ ስጡት። እኔ 30 ደቂቃ እሰጣለሁ። መጀመሪያ ይናደዳሉ። «እኛን የዘጋን አገር ምን የሚፈራው አለ?» ይላሉ። ግፏቸው። በሬሳ ለኃያሉ መንግሥት የላከችው ደብዳቤ በማን ጠረጴዛ አለፈ? ምን ይል ነበር? ድንበራችሁ ላይ የሰው ጦር ሰፈር ቢተከል ሌሊት ትተኛላችሁ?

ከሰሜን ተፈናቅላ የመጣች አንዲት ተማሪ ነበረችኝ። መጻፉን እምቢ አለች። «ቲቸር፣ ለነሱ ሰበብ አልጽፍላቸውም» አለችኝ። አላስገደድኳትም። አጠገቧ ቁጭ አልኩና «ሰበብ አትጻፊ። ቀጥሎ ምን እንደሚያደርጉ ቀድመሽ እንድታውቂ ብቻ ጻፊው፤ እናትሽን ቀድመሽ እንድታስወጪ» አልኳት። ትንሽ ቆይታ ብዕሯን አነሳች። ገጽ ተኩል ጻፈች። የክፍሉ ምርጥ ደብዳቤ የሷ ነበር፤ ጎረቤቱ መንገድ ከመዝጋቱ በፊት የሚያሳያቸውን አራት ምልክቶች ዘርዝራ ነበር። ዲፕሎማቶች ሙሉ ዕድሜያቸውን የሚያጠፉበትን ሥራ በእርሳስ ሠርታ ሰጠችኝ።

ጠላትን መረዳትና ለጠላት መፍረድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ይህንን ለማሳየት ከዚህ የተሻለ መንገድ እስካሁን አላገኘሁም። ጊዜ ካጠራችሁ ሌላውን ዙር ሁሉ ቁረጡ፣ ይቺን ግን አትቁረጡ።

የእውነተኛ አገሮች ካርድ

ከጨዋታው በኋላ ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ አገር በካርድ ላይ ስጡ። ሁሌም ሦስት ጥያቄ ይመልሱ። ምግብና ውኃዋ በማን መንገድ ይገባል? ወዳጆቿ ስንት ናቸው፣ የትስ ነው ያሉት? ጎረቤቷ የሚፈራው ምንድነው?

እኔ ሁሌ የምጀምረው በኳታር ነው፣ ምክንያቱም የኛ ልጆች ላም ያውቃሉ። ኳታር የየብስ ድንበሯ ከሳዑዲ ዓረቢያ ጋር ብቻ ነው። በሰኔ 2017 ሳዑዲ፣ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች፣ ባሕሬንና ግብፅ ግንኙነት አቋረጡ፣ ድንበሩም ተዘጋ። 13 ጥያቄም አቀረቡ፤ አልጀዚራን ዝጊ፣ የቱርክን ጦር ሰፈር ዝጊ፣ ከኢራን ራቂ የሚሉ አሉበት። ሱፐርማርኬቶች በመጀመሪያዎቹ ቀናት ባዶ ሆኑ። ወተቱ በአብዛኛው ይመጣ የነበረው ከሳዑዲ ነው። ቱርክና ኢራን ምግብ ላኩ። ቀጥሎ በሺዎች የሚቆጠሩ የወተት ላሞች በአውሮፕላን ተጭነው ኳታር በረሃ ውስጥ ገቡ። ላም በአውሮፕላን! ቤታቸው የፈረንጅ ላም የሚታለብላቸው ልጆች እዚህ ላይ ዓይናቸው ይበራል። መኖው ከየት መጣ፣ ሙቀቱንስ እንዴት ቻለችው፣ ስንት ሊትር ታለበች ይላሉ። እናንተም አብራችሁ ጠይቁ። ላሚቱ ወታደር ሳትሆን አገር እንደጠበቀች ቁጭ ብለው ይደርሱበታል። እገዳው በጥር 2021 አል ዑላ ላይ በተደረገ ስምምነት ተነሳ። አንድ ነገር ግን አትደብቁ፤ ኳታር ጋዝ የሞላባት ሀብታም አገር ናት፣ ግዛቷ ላይም ትልቅ የአሜሪካ ጦር ሰፈር አለ። ባዶ ኪስ ያላት አገር ላም በአውሮፕላን አታመጣም።

ሲንጋፖር ሁለተኛዋ ናት። ነሐሴ 1965 ከማሌዥያ ስትለይ የምትጠጣው ውኃ እንኳ በአብዛኛው የሚመጣው ድንበር ተሻግሮ ከማሌዥያዋ ጆሆር በቧንቧ ነበር። የ1962ቱ የውኃ ውል እስከ 2061 የሚቆይ ነው። ሲንጋፖር ይህ ውል በመለያያው ስምምነት ውስጥ እንዲካተት፣ ስምምነቱም በተባበሩት መንግሥታት እንዲመዘገብ አደረገች። ከዚያ በኋላ ግን በወረቀቱ ተማምና አልተቀመጠችም። ግድብ ሠራች፣ የዝናብ ውኃ ሰበሰበች፣ ከ2003 ጀምሮ ደግሞ የተጠቀመችበትን ውኃ አጣርታ መልሳ መጠቀም ጀመረች። ውሉ ጊዜ ገዛላት፣ ጊዜውን ሠራችበት።

የሲንጋፖርን ሌላ ታሪክም አንብቡላቸው። በ1965 መጋቢት ሁለት የኢንዶኔዥያ ባሕር ኃይል ወታደሮች ከተማዋ ውስጥ ቦምብ አፈንድተው ሦስት ሰው ገደሉ። በ1968 ሲንጋፖር የኢንዶኔዥያ መሪ እየለመኑ ሁለቱን በስቅላት ቀጣች። ጃካርታ ላይ ኤምባሲዋ ተዘረፈ። በ1973 ሊ ኩዋን ዩ ጃካርታ ሄደው በእነዚያ በሁለቱ ወታደሮች መቃብር ላይ አበባ በተኑ። ተማሪዎቼ እዚህ ላይ ሁሌ ለሁለት ይከፈላሉ። ግማሹ «ውርደት ነው» ይላል። ግማሹ «መጀመሪያ ሕጉን አስከበረ፣ ኋላ ጎረቤቱን አከበረ» ይላል። እኔ ከሁለተኞቹ ጋር ነኝ። እኛም አገር ደም ሲደርቅ ሽማግሌ ይዞ የገዳይን ቤት የሚረግጥ ሰው ፈሪ አይባልም።

ጅቡቲን የምወዳት መንገዱን ወደ ቤታችን ስለምትመልሰው ነው። ታጁራ ዛሬ የጅቡቲ ናት። በ1977 ነፃ ስትወጣ ውኃም እርሻም የሌላት ጠባብ በረሃ ነበረች። የያዘችው የቀይ ባሕርን ደቡባዊ በር፣ ባብ ኤል መንደብን፣ የምታይበትን ቦታ ነው። ዛሬ የፈረንሳይ፣ የአሜሪካ፣ የጃፓን፣ የጣሊያንና ከ2017 ጀምሮ የቻይና ጦር ሰፈር አለባት። እርስ በርስ የማይዋደዱ ኃያላን በአንድ ግቢ ተከራይ ሆነዋል። የኛም ከ90 በመቶ በላይ ወጪና ገቢ ዕቃ በሷ ያልፋል። እሷ ደግሞ ከ2011 ጀምሮ መብራት ከእኛ ትወስዳለች። በ2008 ከኤርትራ ጋር ራስ ዱሜራ ላይ ስትጋጭ ጉዳዩን ወደ ጸጥታው ምክር ቤት ወሰደችው፤ ኋላ ኳታር ሸመገለች። ልጆቹ በሬሳን ሲጫወቱ «መንገዱን የያዘው ጎረቤት» ጠላት ብቻ መስሎ ይታያቸዋል። ጅቡቲን ሲያነቡ ባለመንገዱም ትንሽና ስጉ ሊሆን እንደሚችል ያያሉ።

አርመንን አጭር አድርጉት፣ ግን አትዝለሉት። ከቱርክና ከአዘርባጃን ጋር ያለው ድንበሯ ለአሥርት ዓመታት ተዘግቶ ኖሯል። ለደህንነቷ በዋናነት የተማመነችው በሩሲያ ነበር። በመስከረም 2023 አዘርባጃን አርመናውያን የሚኖሩበትን ናጎርኖ ካራባክን ስትይዝ ከ100,000 በላይ አርመናውያን በቀናት ውስጥ ተሰደዱ። የሩሲያ ሰላም አስከባሪዎች እዚያው ነበሩ። አንድ ባላ ብቻ የተከለ ሰው ምን እንደሚገጥመው ነው።

እስራኤልን ልጆቹ ራሳቸው ያነሷታል። ካርታውን ብቻ አስቀድሙ። ከ1967 በፊት በነበረው መስመር ወገቧ በጣም ቀጭን በሆነበት ቦታ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ከደብረ ብርሃን አንኮበር የሄድነውን ግማሽ እንኳ አይሆንም። በ1979 ከግብፅ ጋር ሰላም ፈርማ ሲናን ከሞላ ጎደል እስከ 1982 መለሰች፤ ከዚያ ወዲህ ሁለቱ አገሮች ጦርነት አልገጠሙም። ሰፊ መሬት ሰጥታ ጸጥ ያለ ድንበር አገኘች። ከፍልስጤማውያን ጋር ያለው ጉዳይ ግን እስከ ዛሬ አልተፈታም፤ ጥቅምት 7 ቀን 2023 እና ከዚያ በኋላ በጋዛ የሆነውን ዓለም ሁሉ አይቷል። ክርክሩ ሊሞቅ ስለሚችል እዚህም ወንበር አቀያይሩ። በእስራኤል ወንበር የተቀመጠው በፍልስጤማዊው ወንበር ተቀምጦ ሳይጽፍ እንዳይወጣ።

ፊንላንድና ኩዌት ለሚፈጥኑ ቡድኖች ይቀመጡ።

የውል ቃል

የመጨረሻው ግማሽ ሰዓት ለውል ነው። በጨዋታው የተጻፉትን ስምምነቶች ሰብስቡና ቡድኖቹ አንዱ የሌላውን ያንብብ። ሥራቸው ሊጣመም የሚችል ቃል ማግኘት ነው። ምሳሌው ከእኛ የቀረበ ነው። በ1889 የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በጣሊያን በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። የጣሊያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። የአድዋ ጦርነት አንዱ መነሻ ይህ አንቀጽ ነው።

ልጆቹ «ወዳጅ» «እንደ አስፈላጊነቱ» «ቶሎ» የሚሉ ቃላት ይጽፋሉ። «ቶሎ ማለት ስንት ዙር ነው?» በሏቸው። አንድ ቡድን «ስንቸገር ትረዱናላችሁ» ብሎ ከኃያሉ መንግሥት ጋር ፈርሞ ነበር። ኃያሉ መንግሥት ሦስት ፍሬ ገብስ ላከና «ረድተናል» አለ። ከውሉ አልወጣም፣ እውነቱን ነው።

ጊዜ ከተረፈ የልቼን ስምምነት ጨምሩ። ልቼ እዚሁ ደብረ ብርሃን አጠገብ ነው። በ1878 ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት የሚለውን ማዕረግ ትቶ ለአጼ ዮሐንስ ገበረ፤ በምላሹ የሸዋ ንጉሥነቱ ጸደቀለት። ከ11 ዓመት በኋላ አጼ ዮሐንስ መተማ ላይ ሲወድቁ ሸዋ ቆማ ነበር። ማዕረጉን ለቆ አገሩን ማትረፉን ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። የክበቡ ልጆች ግማሽ ያህሉ አይስማሙም፤ እስካሁን ይከራከሩኛል።

ስትጀምሩ እነዚህን አስቡ

ከ25 ልጅ በላይ አትያዙ፤ ደብዳቤ አመላላሹ ይጨናነቃል። ጉልበተኛ ልጅ ካለ መሪ አታድርጉት፣ «እናት» አድርጉት። ወንድም ይሁን ሴት ለውጥ የለውም፤ ሚናው ራሱ ያረጋጋዋል። ጦርነት ካወጁ አትከልክሏቸው። ባቄላው ይቆጠር፣ የሞተው ባቄላ ወደ ኪሎው አይመለስ፤ ለብቻው በሳህን ላይ እስከ መጨረሻው ይቀመጥ። እኔ ሳህኑን በሩ አጠገብ አኖረዋለሁ፣ ሲወጡ ሁሉም ያዩታል።

ጠብ ቢነሳ ጨዋታውን አቁማችሁ ደብዳቤዎቹን ጮክ ብላችሁ አንብቡ። እኛ ዘንድ ሁለት ጊዜ ደርሷል። አንዱ ጎረቤት የበሬሳን ደብዳቤ ሦስት ዙር ሙሉ ኪሱ ውስጥ ደብቆ ነበር የተገኘው፤ የበሬሳ ልጆች ደግሞ ኃያሉ መንግሥት ንቆን ነው ብለው ጦር ሊያዘምቱ ተቃርበው ነበር።

ደብዳቤዎቹን አትጣሉ። በዓመቱ ለሚመጡት ልጆች የመጀመሪያ ንባብ ይሆናሉ። የዚያች ልጅ ገጽ ተኩል አሁንም በፋይሌ ውስጥ አለ። ስሟን ሸፍኜ በየመስከረሙ አነብላቸዋለሁ። አራተኛው ምልክት ላይ ስደርስ፣ «ገበያተኞቻቸው ወደ እኛ ገበያ መምጣት ያቆማሉ» የሚለው ላይ፣ ከኋላ የተቀመጡት ልጆች እንኳ ቀና ይላሉ።

ገብሱን ስትሰበስቡ ወለሉን ጥረጉ፤ አይጥ ይመጣል።